ተራ የያዘ ነጠላ ጫማ

ለተማሪዎቼ ድሬዳዋ ደሴት ናት ስላቸው ይስቃሉ። ባሕር ቀርቶ ወንዛችን ራሱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ካርታውን ሰሌዳው ላይ ሰቅዬ ሳሳያቸው ግን ሳቁን ይተዋሉ። በሁለት ሰፋፊ ክልሎች መሀል የተቀመጠች፣ የራሷ ምክር ቤት ያላት ትንሽ ነጥብ ናት። የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆንኩ ይህችን ታህል ማጋነን ይፈቀድልኛል።

በጠቅላላ ምርጫው የአንድ ጣቢያ ኃላፊ እንድሆን ስጠየቅ እሺ ያልኩት ለአገር ብዬ አይደለም። ቤት መቀመጥ አልወድም። ደግሞም ሰው በሥነ ሥርዓት ሲሰለፍ ማየት ደስ ይለኛል፤ ይህን የምለው የምሬን ነው። አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር በቤታችን ሰዓትና ተራ እንደ ጾም ነበር የሚከበሩት። ምሳ ላይ አምስት ደቂቃ ያረፈደ ልጅ እናታችን እስክትለምንለት ድረስ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ተራ የሚያልፍ ሰው ሳይ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ባልደረቦቼ ይህን ጠባዬን ስለሚያውቁ ሲያሾፉብኝ ኖረዋል።

ጣቢያችን ከቀፊራ ገበያ ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር፤ እኔ የማስተምርበት አይደለም። አንድ መማሪያ ክፍል ሰጡን። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳው ገፍተን፣ የድምፅ መስጫውን መከለያ በአንድ ጥግ አቆምን። ከእኔ ጋር አራት አስፈጻሚዎች፣ ሁለት የፓርቲ ወኪሎችና አንድ ፖሊስ ነበሩ፤ በሩን የሚጠብቀው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ግቢው ውስጥ ጥላ ያለው ዛፍ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሰልፉ ራቅ ያለ የኒም ዛፍ ነው።

ምዝገባው የተካሄደው ከድምፅ መስጫው ቀን ሳምንታት ቀደም ብሎ ነበር። ከተመዘገቡት ውስጥ እዚህ የማነሳው አንዲት ሴት ናት። በእኛ መንደር ሱቅ ያላት ሶማሊ ናት፤ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ተምር፣ የሞባይል ካርድ ትሸጣለች፣ እኔም ደንበኛዋ ነኝ። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ከሱቁ ጀርባ በመጋረጃ በተለየች አንዲት ክፍል ውስጥ ከአልጋ የማትነሳ እናቷን ታስታምማለች።

ከገጠሯ ዋሂል ወደ ከተማ የገባችው በልጅነቷ ነው። የነዋሪነት መታወቂያ ያገኘችው ግን በዚያው በምርጫው ዓመት ነበር። የምታቀርበው ወረቀት አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ እሱ ሲሟላ ሌላው ይጎድላል። ሱቁን እየዘጋች መመላለሱ ሲሰለቻት ትተወዋለች፤ ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ ትጀምረዋለች። ስለዚህ ምርጫ በመጣ ቁጥር ጎረቤቶቿ ጣታቸውን ቀለም ተቀብተው ሲመለሱ እሷ ባንኮኒው ኋላ ሆና ስታያቸው ኖራለች።

ስሟን መዝገቡ ላይ ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፋ ታየኝ ነበር።

«ጨረስሽ ቲቸር?»

«ጨረስኩ።»

«አሁን እኔ እዚህ ውስጥ አለሁ?»

«አለሽ።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ» አልኳት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ድሬ ውስጥ ግን ወላሂ የሁላችንም ነው።

ካርዷን ተቀብላ ከሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ ሳልጠይቃት ስለ እናቷ አጫወተችኝ። ሆዮ ነው የምትላት፤ እናቴ ማለቷ ነው። «ሆዮ፣ ከተማ ገብተሽ እንግዳ ሆነሽ ቀረሽ እያለች ትነዘንዘኛለች። ከመሞቷ በፊት አንድ ቀን መርጬ መጣሁ ልላት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም አባዮ» አለችኝ። አባዮ በእነሱ እህቴ ማለት ነው። ማንን እንደምትመርጥ አልነገረችኝም፤ ለእሷ ዋናው ነገር እሱ እንዳልነበረ ግን ያስታውቅ ነበር።

በድምፅ መስጫው ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በሩን ስንከፍት ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ መንገድ ላይ ደርሷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ሰዓታት ውስጥ ናቸው። ሰው አንድ በአንድ ይገባል፣ ስሙ ይፈለጋል፣ ይፈርማል፣ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል፣ አንዱ ለፓርላማ አንዱ ለከተማችን ምክር ቤት፣ አውራ ጣቱን ቀለም ይቀባል፣ መርጦ ሣጥኑ ውስጥ ይከትና ይወጣል። ማንም ማንንም አልገፋም።

ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ጎረምሳ ሰልፉ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። የሰኔ ፀሐይ ነች፤ ማንንም አትምርም። ውሃ አፍስሰንበት ተነሳ፤ ሰውም ማጉረምረም ጀመረ።

ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ድሬ ውስጥ የሚሰለፈው ዕቃ ነው። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ቦኖው ጋ ጀሪካን ይሰለፋል። ዳቦ ቤት በር ላይ ድንጋይ የተጫነበት ፌስታል ይሰለፋል። ባለቤቱ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ በዓይኑ ይጠብቃል፤ ሰልፉ ፈቅ ሲል አንዱ ተነስቶ የሁሉንም ዕቃ ፈቅ ያደርጋል። እዚህ ያደገ ሰው የሌላውን ድንጋይ ዘሎ አይሄድም። እኔም ያደግሁት እንዲህ ስለሆነ ነገሩ ትክክል ነው አይደለም ብዬ ለማሰብ እንኳ አልቆምኩም። ደረጃው ላይ ወጥቼ፣ «ምልክት እያስቀመጣችሁ ጥላ ውስጥ ግቡ። ተራችሁን እኔ አስከብራለሁ» አልኩ። ቃል በቃል ያልኩት ይህንኑ ነው።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰልፉ ድንጋይ ሆነ። ግማሽ ብሎኬት አለ፣ ቆብ አለ፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አለ፣ የመስገጃ ምንጣፍ አለ፤ አንዱ ባለ ባጃጅ ደግሞ ትርፍ ጎማውን አንከባሎ አምጥቶ አስቀመጠ። ዘበኛው የትኛው የማን እንደሆነ በቃሉ ያዘ፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አንድ በአንድ በእግሩ እየገፋ ያስጠጋቸዋል። እንደዚህ ያለ ታማኝ ሰው አይቼ አላውቅም።

ባለ ሱቋ አራት ሰዓት ላይ መጣች። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆማ አንድ እግር አረንጓዴ ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና መሬት ላይ አስቀመጠች። አንዱን ብቻ ያወለቀችው ማንም ሌባ አንድ እግር ጫማ አይሰርቅም ብላ ነው። ባዶ እግሯ መሬት ሲነካ ግን ወዲያው አነሳችው፤ ያቃጥላል። ዘበኛው ያን አይቶ ከጥበቃ ክፍሉ አንድ አሮጌ የወንድ ጫማ አምጥቶ አዋሳት።

«ቲቸር፣ ሆዮን አገላብጬ እመለሳለሁ» አለችኝ። እናቷ ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን መለወጥ አለባት። «ጫማዬ እዚህ ናት።»

«ሂጂ፣ አታስቢ» አልኳት።

አንድ እግሯ አረንጓዴ፣ አንዱ እንደ ጀልባ የሰፋ የወንድ ጫማ ሆኖ እየጎተተች ስትሄድ ጥላ ውስጥ የነበሩት ሳቁባት፤ እሷም ሳቀች።

ስድስት ሰዓት አካባቢ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ታዛቢ ከመኪና ወረደ። በጣም ጨዋ ልጅ ነው፤ እዚህ አንቺ ስባል ስለምኖር እርስዎ ሲለኝ ዞር ብዬ ሰው ፈለግሁ።

«ይቅርታ፣ መራጮቹ የት ናቸው?»

«እነዚህ ናቸው» ብዬ ድንጋዮቹን አሳየሁት።

ከቆቡ እስከ ጎማው ድረስ በቀስታ አያቸው። ከዚያ ማስታወሻውን አውጥቶ ረዘም ያለ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ከምሳ በኋላ ድሬ የምትታወቅበት ሰዓት መጣ። ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ ጫቱን ይዞ ወደየበርጫው ገባ፤ ሴቱም ከሙቀቱ ሸሽቶ ወደየቤቱ ሄደ። ጥላው ባዶ ሆነ። ድንጋዮቹ ግን ቆመዋል። ጥፋቴ እዚህ ላይ ይጀምራል። ከፊት ያሉት አሥራ አራት ምልክቶች ባለቤቶቻቸው የሉም፤ ከእነሱ በኋላ ያሉ አንዳንድ ሰዎች ግን በአካል መጥተው ቆመዋል። እንዲያልፉ ጠየቁኝ። ተራችሁ አይደለም አልኳቸው። ተራ አስከብራለሁ ብዬ ቃል የገባሁ ሰው አይደለሁ! ስለዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አልመረጠም። ሣጥኑን ከበን ድንጋይ እንጠብቅ ነበር። ቀለም የምትቀባው ልጅ ጠርሙሱን ከድና አንቀላፋች።

ባለ ሱቋ ተመልሳ የመጣችው በዚያች ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። የቆሙት ጥቂት ሰዎች ከድንጋዮቹ ኋላ ናቸው፤ በሩ ላይ ማንም የለም። ክፍሉ ባዶ ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል።

«ልግባ ቲቸር?»

«ከፊትሽ ሰው አለ» አልኳት።

ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። «የት?»

«ድንጋዮቹ።»

አልተከራከረችኝም፤ ተራ እንዴት እንደሚያዝ እሷም ታውቃለች። ከጫማዋ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ላቧ በሻሿ ስር ይወርድ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆማ፣ የእናቷ ሰዓት ሲደርስ፣ «እመለሳለሁ» ብላኝ ሄደች። ያን ጊዜ ባስገባት ሦስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ከአስፈጻሚዎቹ አንዱ፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚያንሰው፣ «ቲቸር፣ ድንጋይ እኮ አይመርጥም» አለኝ። ተቆጣሁት፤ ወዲያው ግን ልክ እንደሆነ ገባኝ። የመጡት በድንጋዩ ጎን እንዲያልፉ፣ ድንጋዩም ባለቤቱ ሲመጣ ተራው እንዲጠበቅለት ወሰንኩ። እሷን ግን የሚጠራልኝ ሰው አልላክሁም። ሳልልክ የቀረሁት ስላልታሰበኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በርጫው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፈታ። ከተማው እንዳለ መጣ ማለት ይቻላል። ሁሉም ድንጋዩን ይፈልጋል፣ ሁሉም ከፊት ነበርኩ ይላል፤ «አቦ ቆቤን ማን ነው ያነሳው» የሚል አለ፣ ጎማው ላይ ተቀምጦ አልነሳም ያለም አለ። ዘበኛው ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ እየጠራ አሰለፋቸው። ይሄኔ ቀኑን ሙሉ በአንድ ነገር እንኳ ተስማምተው የማያውቁት ሁለቱ የፓርቲ ወኪሎች አብረው ወደ እኔ መጡ። ከአሁን በኋላ ዕቃ አንቀበልም፣ በመዝጊያው ሰዓት ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው የሚመርጠው አሉ። መመሪያውን አውጥቼ አነበብኩ። ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ይላል። ስለ ጫማ የሚል ነገር የለም።

ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ፖሊሱን ከመጨረሻው ሰው ኋላ እንዲቆም አደረግሁ። ሰልፉ ውስጥ ባለቤት ያልመጣላቸው ስድስት ዕቃዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የተሰላቸ ሰው ጥሏቸው የሄደ ድንጋይ ነው። ወደ አጥሩ እንዲወሰዱ ለዘበኛው ነገርኩት።

«ይቺ አረንጓዴዋ የማን እንደሆነች ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ።

«አውቃለሁ። ውሰዳት።»

ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ በባጃጅ መጣች። ሰልፉ ገና አላለቀም፤ ከሠላሳ የማያንስ ሰው ቆሟል። ከባጃጁ ወርዳ መጀመሪያ ያየችው መሬቱን ነው።

«ጫማዬ የት ሄደች?»

«ሰዓት አልፏል» አልኳት።

«ሆዮ ውሃ ትን ብሏት ነው። ጥያት መምጣት አልቻልኩም።» ይህን ስትል ለልመና አልነበረም፤ የሆነውን ነው የነገረችኝ። «እኔ ከአራት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ።»

«ጫማሽ ነው እዚህ የነበረው።»

«ተራችሁን እኔ አስከብራለሁ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ብያለሁ። መመሪያው ግን ሰው ነው የሚለው።»

ሁለቱ ወኪሎች በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ላስገባት እችል ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ ጠዋት ምን እንዳልኩ፣ ከሰዓት ምን እንዳጠፋሁ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ የሚመጣውን መቀበል እችል ነበር። ቢበዛ አቤቱታ ይጻፍብኛል። ፈራሁ ማለት ይከብደኛል፤ ሆኖም ፈርቼ ነው። በዚያ ላይ ከሰዓት በኋላ ያደረግሁት ጅልነት በሰው ፊት እንዲነሳ አልፈለግሁም።

አልጮኸችም። ዘበኛው ጫማዋን ከአጥሩ ስር አምጥቶ ሰጣት፤ የእሱን አውልቃ በሁለት እጇ መለሰችለት፣ አመሰገነችው። እኔን «ሀዬ» ብላኝ ሄደች። ሀዬ በሶማሊኛ እሺ እንደማለት ነው። ብትሰድበኝ በወደድኩ። በጣም አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ እንዳፍር ስላደረገችኝ ተናደድኩባት። ጠባዬ እንዲህ ነው፣ ምን አደርጋለሁ።

ቆጠራው አልቆ፣ ውጤቱን በሩ ላይ ለጥፈን ተለያየን። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ሳሙናና ፓስታ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ በእሷ በር ስለሆነ በኋላ በኩል እየዞርኩ ነበር የምገባው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተሳፈርኩበት ባጃጅ መንገድ ዘግቶ የሚያራግፍ ጋሪ ስላጋጠመው ልክ በሱቋ ፊት አወረደኝ። ባንኮኒው ኋላ ሆና አየችኝ።

«ቲቸር፣ ጠፋሽ። ነይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ሳትጠይቀኝ አወረድኩት። በጣቢያችን ያሸነፈው በሰፊ ልዩነት እንደሆነ፣ የእሷ ድምፅ ቢጨመርም ባይጨመርም ውጤቱ ያው እንደነበር ነገርኳት። ተምር በላስቲክ እየቋጠረች ሰማችኝ።

«ማን አሸነፈ አላልኩሽም እኮ» አለች። «ስሜ ጎን ምን ተጻፈ? እሱን ነው የምጠይቅሽ።»

መዝገቡ ላይ በእያንዳንዱ ስም ጎን መራጩ የሚፈርምበት ቦታ አለ። ያልመጣ ሰው ቦታው ባዶ ይቀራል። የእሷም ባዶ ነው። አገር ለቀው ከሄዱት፣ ከምዝገባው በኋላ ከሞቱት፣ ቤታቸው ተኝተው ከዋሉት በምንም አይለይም።

«ሆዮ በየቀኑ ትጠይቀኛለች» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መጥቼ ነበር ብያታለሁ። አላመነችኝም። ከመጣሽ ተጽፏል ወይ ትለኛለች።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ተጽፏል» አልኳት። «መጥታ ነበር፣ ሰዓት አልፎባት ተመለሰች ተብሎ ተጽፏል።»

«በእስክሪብቶ?»

«በእስክሪብቶ።»

«በሰማያዊ?»

«በሰማያዊ» አልኩ።

ፊቷ ፈካ። መጋረጃውን ገልጣ ወደ ውስጥ በሶማሊኛ ተናገረች። ከተናገረችው የገባኝ አንዲት ቃል ናት፤ ቡሉግ፣ ሰማያዊ ማለት ነው። ከውስጥ የደከመ ድምፅ ቀስ እያለ ረዘም ያለ ነገር መለሰ። ባለ ሱቋ እስኪያልቅ ድረስ መጋረጃውን ይዛ ጠበቀች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሆዮ እየመረቀችሽ ነው። ለልጄ እንደመሰከርሽላት አላህ ይመስክርልሽ አለች።»

«አሜን» አልኩ።